ኪራይ የማይከፍለው

መስከረም ሲጠባ ሦስተኛውን ክፍል ከፍቼ ብገባ
ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ጨው አውጥቷል፤
ቀለሙ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሥቷል፤
ሊሾው ከበር እስከ መስኮት ተሰንጥቆ
አልጋ በነበረበት ጥግ ሻጋታ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ።

ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ ቁስል አያስደነግጠኝም።
ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ዳሰስኩት።
ሽምብጥ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል ይህን ቅዝቃዜ፦
ጣና በር አያንኳኳም፤
ከሥር ነው የሚገባው፣
ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉ ኋላ የሚወጣ፣
ውል ያልፈረመ፣ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ።

የሻረግ ስድስት ዓመት ሰፍታበታለች፤
የመኪናዋ እግሮች አራት ጉድጓድ ትተዋል፣ ሳንቲም የሚያህሉ።
ዕቃዋን ጎረቤት አስጠግታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦
«ሲስተር፣ ሲታደስ ስንት ይሆናል?»
«እናያለን» አልኳት። እኔም አላወቅሁትማ።

ሻጩ ሱቁ በር ላይ ተቀበለኝ፦

«ይኸው ፖርስሊኑ፣ መስታወት ነው ፊቱ፤
ተከራይ ይስባል፣ አይጠፋም ውበቱ፤
ያም ሴራሚኩ ነው፣ ዋጋው የቀለለ፤
ላስቲኩንም ይዩት፣ እንጨት የመሰለ፤
ሁሉም አንደኛ ነው፣ ሁለተኛ የለም፤
አንዴ ካነጠፉት በቃ ለዘላለም።»

ዘላለም የሚል ቃል ከሻጭ አፍ ስሰማ
ቦርሳዬን በብብቴ አጠብቃለሁ።

ናሙናውን በፌስታል ይዤ ግቢዬ ገባሁ።
ዘይት አፈሰስኩ፤ የቀይ ወጥ ትራፊ አሳደርኩበት፤
የብረት አልጋ ጎተትኩ፤
በመጨረሻ ዘነዘናውን ከወገቤ ከፍታ ለቀቅሁት።
ሴራሚኩ ሦስት ቦታ ተከፈለ።
ላስቲኩ የአልጋውን ጠባሳ ይዞ ቀረ።
ፖርስሊኑ ምንም አልሆነ፤
ግን ውሃ ጠብ ሳደርግበት ድመቴ እንኳ ተንሸራተተች፣
እኔ ደግሞ ስንት የተሰበረ ዳሌ አገላብጫለሁ።

ግንበኛው ይርሳው ይባላል፤ አንድም ነገር አይረሳ።
ወለሉን እንደ ደብዳቤ አነበበው፦
«እዚህ መኪና ነበረ። እዚህ ምድጃ።
እዚህ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሰው እየቆመ መንገድ ያይ ነበር።»
ቀና ብሎም
«ሲስተር፣ እንዲቆይ የሚፈልጉት ወለሉ ነው ወይስ ሴትዮዋ?»

መልስ አልሰጠሁትም። ስለ ድንጋይ አወራን።
አሮጌው ይነሣ፤ ጠጠር ይደልደል፤ ወፍራም ላስቲክ ከሥር ይነጠፍ፤
ከዚያ ኮንክሪት፤ ላዩ ቴራዞ።
ቴራዞውን እኔ ነኝ ያልኩ።
የሆስፒታላችን ኮሪደር ትዝ አለኝ፦
ደም፣ በረኪና፣ የቃሬዛ ጎማ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለስ አባት፤
ጡረታ ስወጣ እኔ አርጅቼ
እሱ እንዳለ ነበር።

ግድግዳውን የዘይት ቀለም ልቀባ ስል ግን ይርሳው ራሱን ነቀነቀ፦
«አፉን አይዝጉበት። ታንኳ እንኳ ከውሃ ሲወጣ
ቆሞ ነው የሚደርቅ። ኖራ ይቀባ፤ ይተንፍስ።»

ማታ ደብተር አወጣሁ።
ሲሚንቶ፣ ጠጠር፣ የመሞረጃ ማሽን ኪራይ፣ የሰው ቀን።
አንድ ቁጥር ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
ሌላ ጻፍኩ፣ ያነሰ፤ ያሳፍራል፤ ሰረዝኩት።
መካከል ላይ አንዱን ይዤ መብራት አጠፋሁ፣
እንቅልፍ ግን ሂሳቡን ደገመው።

በኅዳር የሻረግ ተመለሰች።
ቁጥሩን ነገርኳት፤ ጣቷን አጣጥፋ ቆጠረችና
«እሞክራለሁ» አለች። እሺ አላለችም።

መኪናዋን ቦታው ላይ አቆመች፤ ክር አስገባች፤ ረገጠች፤
መኪናው ተንገዳገደ።
ስድስት ዓመት ጉድጓዱን ለምዶ
ደልዳላው መሬት እንግዳ ሆኖበት።
ሦስታችን ተያየን። ይርሳው መሬቱን በውሃ ልክ ለካ፤
«ወለሉስ ልክ ነው» አለ፣ ጥፋተኛ ይመስል።

ግቢ ወጥቼ የሴራሚኩን ስባሪ አመጣሁላት፤
አንዱ እግር ሥር ሸጎጠችው።
መስፋት ጀመረች።